ሲጣራ የዋለው ጥቁር መስኮት

የኔትወርክ ባለሙያው ይኸነው ከኮሌጁ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ ጭቃ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዓይኑ ክፍት ነው። የቀኝ እጁ መዳፍ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከበላዩ ጣሪያው ላይ የኔትወርክ ሳህን የታሰረበት ረጅም ብረት ምንም እንዳልሠራ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብረት ምን ያውቃል? የሚያውቀው ሰው ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን አፉን ዘግቷል።

ወሩ ሰኔ ነው። የቆሰበር ከተማ በሰኔ ፀሐይ የምታየው ስትለምን ነው። ኢንስፔክተር ዋጋዬ በባጃጅ ስትደርስ አራት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ የነበረው ካባራ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ሴትዮዋ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የዳንግላ ልጅ። በፖሊስነት ሠላሳ ዓመት አገልግላ ሬሳ ማየት አልለመደችም። «ሬሳ የለመደ ፖሊስ ጡረታ ይውጣ» ትላለች፤ አለቆቿ ይህን አባባል አይወዱላትም። ከጎኗ የተቀመጠው፣ ሊጠራት እስከ ጣቢያው በእግሩ የሮጠው፣ የኮሌጁ ዘበኛ ጋሽ ነጋ ነው። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም።

ዋጋዬ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የተጣለበትን ጋቢ ገልጣ ልብሱን ዳሰሰች፤ ርሷል። ፀጉሩን ነካች፤ እሱም ርሷል። ከራሱ አጠገብ ጭቃው ላይ ጥቁር የሱፍ ኮፍያ ተቀምጧል። አነሣችው። ከሥሩ ጭቃ ነክቶታል፤ ከላይ ደረቅ ነው፣ ውስጡም ደረቅ ነው። ጥቂት አሰበችና በፕላስቲክ ከታ አብሯት ለመጣው ፖሊስ ሰጠችው።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ዮርዳኖስ የምትባል ወጣት ናት፤ የኮሌጁ ሬጅስትራር። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ በጭቃ ተለውሷል።

«መቼ አየሽው፣ ልጄ?»

«አራት ሰዓት ሲሆን። ለሻይ ልወጣ ስል በዚህ በኩል አቋረጥሁ። ያኔ እያካፋ ነበር። የወደቀ መሰለኝ… መውደቁስ ወድቋል። የተነሣ ሰው ግን የለም።»

«ኮፍያው እዚህ ነበር?»

ልጅቷ ቀና አለች። «የምን ኮፍያ? ፀጉሩን በነጠላዬ ጠርጌለታለሁ። ኮፍያ አልነበረም። ደግሞም ኮፍያውን ይዞ አይወጣም እኮ።»

«ለምን?»

«ብረቱ ላይ ሲወጣ ብሬከሩን፣ የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ፣ ያጠፋና ኮፍያውን እላዩ ላይ ይሰቅላል። ኮፍያው እዚያ ካለ ሰው ብረቱ ላይ አለ ማለት ነው፣ ማንም አይነካውም። ይህን ከተማሪው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ የማያውቅ የለም። እሱ ያመጣው ልማድ ነው።»

ዋጋዬ ብሬከሩ ወዳለበት የቆጣሪ ክፍል ሄደች። ክፍሉ ከዲኑ ቢሮ ሦስተኛው በር ነው፤ ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ ያን ቀን ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ብሬከሩ በርቷል። ኮፍያ የለበትም። ይኸነው አጥፍቶት ወጥቷል፣ ሌላ እጅ አብርቶታል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው፤ ቀላል ነገር ደግሞ ሰው ይገድላል።

የኮሌጁ ዲን አቶ ብሥራት ደጅ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። የሞተው ልጅ የእህቱ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት በሰባት ዓመቱ ከአዲስ ቅዳም አምጥቶ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሥራ ያስገባው እሱ ነው። እንባው የውሸት አልነበረም። ኋላ ነገሩን ያከበደው ይኸው እንባ ነው።

«አዝናለሁ፣ አቶ ብሥራት» አለች ዋጋዬ። «ግን መጠየቄ አይቀርም። የት ነበሩ?»

«ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ከወንበሬ አልተነሣሁም። የፈተና ተመዝጋቢዎችን ስም እየላክሁ ነበር። አርባ ሦስት ተማሪ ነው። መዝገቡ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ያመለጠው አንድ ዓመት ይጠብቃል። የመጨረሻውን ስም ልኬ ቀና ስል ዮርዳኖስ ጮኸች።»

«በስልክዎ ኔትወርክ ነው የላኩት?»

«የስልኩማ ከጠፋ ሳምንት ሆነው። ከጣሪያው ሳህን በሚመጣው በቢሮው ነው።»

«አልተቋረጠብዎትም?»

«አልተቋረጠም» አለ ቶሎ ብሎ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በመስኮት ሳይ ጋሽ ነጋ ከቆጣሪው ክፍል ሲወጣ አይቼዋለሁ። ቁልፉም ያለው እሱ ዘንድ ነው። ማለት አልፈለግሁም ነበር።»

ማለት ያልፈለገ ሰው ዝም ይላል። ዋጋዬ ግን ይህን ለራሷ ያዘችው።

ጋሽ ነጋ በበሩ ዳስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው። ምድጃው ከብረቱ ጋር በአንድ ብሬከር ነው የሚሠራው። ዋጋዬ ስትገባ ምድጃው ግሏል፤ ላዩ ላይ ሽሮ ፈልቶ ፈልቶ አሯል።

«ይኸውልዎ» አለ ሽማግሌው። «ያ ልጅ በወጣ ቁጥር የእኔ ሽሮ ጥሬውን ይቀራል። ስንቴ ተጣልተናል። እንዳልዋሽዎ፣ ዛሬ ጠዋትም ሰድቤዋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«‹አንተ ሰማይ ላይ ወጥተህ ከመላእክት ጋር ስታወራ እኔ በረሃብ ልሙት?› አልሁት። ሳቀ። ‹ጋሽ ነጋ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ› አለኝና ቁልፉን ተቀበለኝ፤ ከፍቶ አጥፍቶ መለሰልኝ።»

«በሩን ሲሄድ ቆለፈው?»

«ቆልፎታል። መዝጊያውን ሲስበው ሰምቻለሁ። እኔ ከዚህ አልተነሣሁም። ምድጃው ኋላ ብቻውን በራ፤ ‹ወርዷል ማለት ነው› አልሁና ድስቴን ጣድሁ።» ወደ ድስቱ ዞረ። «ልጁ ሲሞት እኔ ድስት እየጣድሁ ነበር ማለት ነው?»

ዋጋዬ ድስቱን ከምድጃው አወረደች።

ቁልፍ ያለው እሱ ነው፤ የተጣላው እሱ ነው፤ ምድጃው የጋለው የእሱ ነው፤ የተከበረ ሰው ደግሞ አይቼዋለሁ ብሏል። የጣቢያው አዛዥ በፖሊስ ሬዲዮ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። ጋሽ ነጋ ሊጠራት በሮጠበት መንገድ ታስሮ ተመለሰ።

ዋጋዬ ግን ከግቢው አልወጣችም። ይኸነው ይሠራበት ወደነበረው የኮምፒውተር ማሽን ክፍል ገባች። የክፍሉ ኃላፊ አስማረ ቆሞ ጠበቃት፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጥርሱን ነክሶ የሚናገር ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የይኸነው ላፕቶፕ ተከፍቷል። ማያው ላይ በተከፈተ ጥቁር መስኮት ነጫጭ መስመሮች አንዱ በአንዱ ሥር ይወርዳሉ፤ በየሰከንዱ አንድ።

«ይህ ምንድን ነው የሚያደርገው?»

«ፒንግ ይባላል። ይጣራል።»

«ማንን?»

«ጣሪያው ላይ ያለውን ሳህን። ‹አለህ?› ይለዋል። ሳህኑ ካለ ‹አለሁ› ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ በቁጥር እዚህ ይጻፋል። ይኸነው ወደ ብረቱ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ይህን አስጀምሮ ይተወዋል። ሲወርድ መጥቶ ያያል፤ ከመለሰ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።»

«ካልመለሰስ?»

«ዝም ይላል። ምንም አይጻፍም።» አስማረ ጣቱን መስታወቱ ላይ አደረገ። «ጠሪው ግን መቁጠሩን አያቆምም። አሥር ጊዜ ተጣርቶ መልስ ቢያጣ፣ አሥራ አንደኛው ሲመለስ ቁጥሩ አሥራ አንድ ነው የሚለው። መሃሉ ተዘሎ ይታያል።»

ዋጋዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዲግሪ የላትም። ያላት ገበያ ላይ ሳንቲም ቆጥራ ያሳደገቻት እናት ልጅ መሆኗ ነው፤ መቁጠር ታውቃለች። ከላይ ጀምራ ወረደች። መስመሮቹ ከመጀመራቸው በፊት ይኸነው ሰዓቱን አስጽፎ ነበር፤ በእኛ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከአንድ እስከ ሦስት መቶ መልሱ ሳይጎድል ይወርዳል። ከሦስት መቶ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን አንድ ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ነው። ከዚያ እንደገና ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ከሁለት ሺህ መቶ በታች ደግሞ በቁጥሮቹ መሃል አንድ ባዕድ ዓረፍተ ነገር ጥልቅ ብሎ ገብቷል።

«ይህስ ምን ይላል?»

አስማረ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ግንባሩ ተኮሳተረ። «ሻትዳውን የሚባል ትእዛዝ ነው። ማሽኑ በተባለው ሰዓት ራሱን እንዲያጠፋ አንድ ሰው አዝዞታል። ለአራት ሰዓት ከአሥራ አምስት።»

«ቢጠፋ መስኮቱ ምን ይሆናል?»

«ይሄዳል። የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።»

ዋጋዬ የእጅ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። «አራት ሰዓት ከሩብ ካለፈ ቆየ። ታዲያ ለምን አልጠፋም? ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም። ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ ኢንስፔክተር። በእሱ አቆጣጠር አሁን አሥር ከሃምሳ ነው። እሱ አራት ከሩብ የሚለው ለእኛ ሌሊት አሥር ሰዓት ከሩብ ነው፤ ዶሮ ሲጮህ።»

ዋጋዬ የእጅ ሰዓቷን እንደገና አየች። እሷ አሁን የተሳሳተችውን ስሕተት ሌላም ሰው ተሳስቶታል።

«ትእዛዙን ሰርዝልኝ» አለች። «መስኮቱንም ፎቶ አንሣልኝ፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቁጥር ሳትቀር።»

አስማረ ሲጨርስ በሩ ላይ አስቆመችው። «ከሐምሌ ጀምሮ ይኸነው በአንተ ቦታ ሊገባ ነበር አሉ።»

«እውነት ነው።»

«ጠላኸው?»

«ቀናሁበት። መጥላት ሌላ ነው» አለ። «ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ከአሥር መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ያየኝ ሰው የለም። ሌላ የምልዎት የለኝም።»

የይኸነው ሬሳ በማግሥቱ አዲስ ቅዳም ተቀበረ። እናቱ እህተማርያም ሌላ ልጅ የላትም። በአዊኛ ሙሾ ስታወርድ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው የከተማ ሰው እንኳ ትርጉሙን ሳይጠይቅ አለቀሰ። መቃብሩ ሲዘጋ ግን ድንገት ሙሾውን አቋረጠች። በአማርኛ፣ ሁሉ እንዲሰማት፣ «ነጋ የሚሉት ዘበኛ» አለች፤ «እኔ ዛሬ እንደ ቀረሁ ይቅር። ሲሞት አፈር የሚያለብሰው ሰው ይጣ።» ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። ዲኑ ብሥራት እህቱን በክንዷ ደግፎ ቆሟል። ምንም አላለም።

እርግማኑ ቆሰበር ለመድረስ መኪና አልጠበቀም። ጋሽ ነጋ በእስር ቤት ሆኖ ሰማው፤ ከዚያ ወዲያ የቀረበለትን እህል አልነካም። ዋጋዬ ብትለምነው፣ «የልጅ እናት የረገመችው ሰው ምን ሊበላ?» አላት። «ፍርድ ቤቱ ቢፈታኝ እንኳ የት እገባለሁ? አገሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። አዛዡ መዝገቡን ዘግታ እንድታመጣ አዝዟታል። ዋጋዬ ቅዳሜ ወደ ኮሌጁ ተመለሰች። መጀመሪያ ከዮርዳኖስ የተላኩትን ስሞች ዝርዝር ተቀበለች፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የደረሰበት ሰዓት አለ። ቀጥላ ዲኑ ከለቅሶው ድንኳን ለአፍታ ብቅ ወዳለበት ቢሮው ገባች።

«የመጣሁት ለቅሶ ልደርስ ነው» አለች። ዋሸች ማለት አይቻልም፤ ለቅሶ ልትደርስም ነበር።

ከዲኑ ወንበር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጽሑፉ የይኸነው ነው። ዋጋዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ፒንግ፦ አለህ ወይ ብሎ ይጣራል። ሻትዳውን፦ ከፊቱ ሰዓቱን ጻፍበት፤ በዚያ ሰዓት ራሱ ያጠፋል። አጎቴ፣ አሁንስ እንዳትረሳው።»

«እሱ ነው ያስተማረኝ» አለ ብሥራት ወረቀቱን ሳያይ። «እኔ ድሮ ማብራትም አላውቅም ነበር። ማታ ማታ ሳላጠፋ እየሄድሁ ይቆጣኝ ነበር። እኔ ፊደል አስቆጠርሁት፣ እሱ ደግሞ ይህን አስቆጠረኝ።»

«ጎበዝ ልጅ ነበር።»

«ጎበዝ ነበር።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሌላው እጁ ጠረጴዛው ላይ ከቁልፍ መያዣው አጠገብ ቀረ። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የበሩ ስም ተጽፏል። ዋጋዬ ሁሉንም አነበበች፤ የቆጣሪውንም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በማሽኑ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዮርዳኖስ መጣች። አስማረ መጣ። ብሥራት ጥቁር ለብሶ መጣ። ጋሽ ነጋ በአንድ ፖሊስ ታጅቦ፣ እጁ ታስሮ ገባ። በመጨረሻ ፀጉሯን የተላጨች፣ መቀነቷን ከወገቧ በላይ የታጠቀች ሴት ገባች። እህተማርያም ናት።

ብሥራት ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እታለም፣ አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ? ኢንስፔክተር፣ ሐዘንተኛ ከድንኳን ይወጣል እንዴ?»

«ሴትዮዋ ጠሩኝ፣ መጣሁ» አለች እህቱ። «ልጄን የገደለውን ሊነግሩኝ ከሆነ እንኳን ከድንኳን ከመቃብርም እወጣለሁ። ተቀመጥ።»

ዋጋዬ ላፕቶፑ አጠገብ ቆመች።

«እኔ የተማርሁት ስምንተኛ ክፍል ነው» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ስሙኝ። ይህ መስኮት በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ይጣራል። የተጀመረው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከ ሦስት መቶኛው ድረስ መልስ አለው። ሦስት መቶ ሰከንድ አምስት ደቂቃ ነው። ይኸነው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ብሬከሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን ሰቀለ፣ በሩን ቆለፈ፣ ወጣ። ሳህኑ ዝም አለ። ዝምታው እስከ አንድ ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ቆየ። ስንት ደቂቃ ነው፣ አስማረ?»

«ከተጀመረ ሃያ ስድስት።»

«ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት። ሳህኑ ኤሌክትሪክ ካገኘ በኋላ ለመንቃት አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ኮፍያውን አንሥቶ ብሬከሩን ያበራው ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ነው። ልጁም የሞተው ያኔ ነው።»

እህተማርያም በአዊኛ አንድ ቃል ተናገረች። ማንም አልተረጎመውም።

«ጋሽ ነጋ የቆጣሪው ቁልፍ አለዎት። ሊያበሩት ይችሉ ነበር» አለች ዋጋዬ።

«እችል ነበር» አለ ሽማግሌው። «አላበራሁም።»

«አውቃለሁ፤ እንዴት እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። ኮፍያው ሬሳው አጠገብ ተገኝቷል። ሬሳው ርሷል፣ ኮፍያው ደረቅ ነው። ዮርዳኖስ አራት ሰዓት ላይ ፀጉሩን ስትጠርግ ኮፍያ አልነበረም። ታዲያ ኮፍያው የመጣው ካፊያው ካባራ በኋላ ነው። ይኸነው ኮፍያውን ሳይሰቅል የወጣ እንዲመስል አንድ ሰው አምጥቶ አኖረው። ጋሽ ነጋ ያን ጊዜ የት ነበሩ? ጩኸቱን እንደ ሰሙ እኔን ሊጠሩ በአስፋልቱ ላይ እየሮጡ ነበር። የተመለሱት ከእኔ ጋር ነው።»

«እኔም ልጠየቅ እንግዲህ» አለ አስማረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ብቻዬን ነበርሁ ብያለሁ።»

«አንተን ነፃ ያወጣህ ዕውቀትህ ነው። እዚህ መስመር ላይ እዩ። ከሁለት ሺህ መቶ በታች ነው፤ ይህ ማለት አራት ሰዓት ከአምስት ላይ። ሁላችሁ ደጅ ስታለቅሱ አንድ ሰው እዚህ ገብቶ ማሽኑ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲጠፋ አዘዘ። እዚያው ቢያጠፋው ‹ማን ገባ?› ይባላል፤ እሱ ከሰው መሃል ቆሞ ሳለ ቢጠፋ ግን ባትሪው አለቀ ይባላል። ግን የእጅ ሰዓቱን አይቶ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ማሽኑ ደግሞ ዶሮ እስኪጮህ ሊጠብቅ ተቀመጠ። አስማረ ይህን አይሳሳትም፤ እንጀራው ነው። እኔ ግን ተሳስቻለሁ። እንደ እኔ ያለ፣ ትእዛዙን ከሰው የተማረ፣ ግን ሥራው ያልሆነ ሰው ነው የሚሳሳተው።»

ዮርዳኖስ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ዲኑ አዞረች። «አራት ሰዓት ሲያልፍ… ‹ጋቢ ላምጣለት› ብለው ገቡ» አለች። «ጋቢውን ይዘው ተመለሱ። ተንበርክከው አቀፉት። ኮፍያው የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።»

ብሥራት አልተንቀሳቀሰም።

«አቶ ብሥራት፣ ‹ኔትወርኩ አልተቋረጠም› ብለውኛል» አለች ዋጋዬ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ለሃያ አንድ ደቂቃ ሳህኑ ሞቶ ነበር። የላኳቸው ስሞች ዝርዝር ይኸው። ሃያ አንዱ ስም ከሦስት ከሠላሳ አምስት በፊት ደርሷል። ሃያ ሁለቱ ከሦስት ከሃምሳ ስድስት በኋላ ደርሷል። በመሃሉ አንድም የለም። ከወንበርዎ ሆነው ጋሽ ነጋን አየሁ ያሉበት መስኮት ደግሞ የቆጣሪውን በር አያሳይም፤ ትናንት ቢሮዎ ገብቼ አይቼዋለሁ። የቆጣሪው ክፍል ቁልፍም ከቁልፍ መያዣዎ ላይ አለ።»

ብሥራት አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ የሽማግሌ ነበር።

«አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር» አለ። «ሃያ ሁለት ልጅ ዓመቱን ሊያጣ። በመስኮት ‹ይኸነው› ብዬ ተጣራሁ። አልመለሰም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ያንኳኳል። ሃያ ደቂቃ ሲል ሃያ ደቂቃ ነው፣ ወርዶ ኮፍያውን ረስቶት ነው አልሁ። አንሥቼ አበራሁ። ተመልሼ ተቀመጥሁ፣ ስሞቹን ላክሁ። ሃያ ሁለቱንም ላክሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።» እጁን እያየ ቆየ። «እሱ ከግድግዳው ማዶ ወድቆ ሳለ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ዮርዳኖስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እታለም፣ ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ ነበር። እንዴት ብዬ…»

እህተማርያም እጇን አነሣች፤ ዝም አለ። ይህን ሰው እሷ ናት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፤ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«ያኔውኑ ብትነግረኝ» አለች፣ «አብረን እናለቅስ ነበር። እጅህ ስቷል፤ እጅ ይስታል። ልጁ ያንተም ልጅ ነው፣ ያሳደግኸው አንተ ነህ፤ ለአንተም ደረት እመታልህ ነበር። አንተ ግን በክንዴ ደግፈኸኝ ቆመህ የሰው አባት አስረገምኸኝ። ልጄ ያስተማረህን ይዘህ የልጄን ቃል ልታጠፋ ገባህ። ሞቱን እግዜር ይየው። ይህን ግን እኔ አይቼዋለሁ።»

ብሥራት እግሯ ሥር ሊወድቅ ሲል ወደ ኋላ ራቀች። ፖሊሱ በዋጋዬ ምልክት የጋሽ ነጋን እጅ ፈታ። ብሥራት ሳይጠየቅ እጁን ዘረጋ።

እህተማርያም ጋሽ ነጋ ፊት ቆመች። ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ሽማግሌው በሁለት እጁ ያዛት።

«ተይ እናቴ። ሐዘንተኛ አይወድቅም።»

«የረገምሁዎት በሰው ፊት ነው» አለች። «እዚህ ብነሣው ማን ይሰማል? አብረውኝ ይምጡ።»

ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ሲደርስ ዋጋዬ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ እንድትመጣ ማንም አላዘዛትም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። ሽማግሌው በር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የለቀስተኛው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር፣ አንዳንዱም ተነሥቷል። እህተማርያም እጁን ይዛ እስከ መሃል አስገባችው፤ ከራሷ መደብ ላይ፣ ወንድሟ ሲቀመጥበት በሰነበተው ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ በሕዝቡ ፊት ቆመች።

«ይህ ሰው ልጄን አልገደለም። አፌ በድሎታል፤ ያወጣሁትን እርግማን መልሼ ውጬዋለሁ» አለች። «የልጄ ሞት የወጣው ከገዛ ቤቴ ነው፤ ከወንድሜ እጅ። እስካሁን ያለቀሳችሁት ሳታውቁ ነው። አሁን አልቅሱልኝ።»